በኡካ መንገድ ያለው ዳክዬና የማትታየው ወፍ

ሰው ፈገግ እያለ አንድ ነገር ሲለምናችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። እኔ እሺ ብያለሁ፤ ያየሁትንም አይቻለሁ።

መቱ ውስጥ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። የለመድኩት ሰው ማንሳት ነው። ሰው «ቀና በል» ሲሉት ቀና ይላል፣ «ሳቅ» ሲሉት ባይስቅም ጥርሱን ያሳያል። ሙሽራ ከሆነማ ጫማው እግሩን እየላጠውም ቢሆን እስክትጨርሱ ይቆምላችኋል። ስለዚህ ወይዘሪት ሌንሴ አንድ ቅዳሜ ስቱዲዮዬ ገብታ «ጋሼ፣ ሁለት ወፍ ያነሱልኛል?» ስትለኝ፣ ሙሽራና ሙሽሪት አንድ ላይ ያቆመ ሰው ሁለት ወፍ ምን ያቅተዋል ብዬ እሺ አልኩ።

ሌንሴ የአካባቢ ጥበቃ ሠራተኛ ናት። መቱ ከመጣች ብዙም አልቆየች፤ ግን በዚያች ቀይ ሞተሯ ያልደረሰችበት ቀበሌ የለም። ነገሩን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ወደ ኡካ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ዳገት አለ፤ ከላይ ጫካ፣ ከታች ጨፌ። ጨፌ ስል ፊንፊኔ የሚሰበሰበውን የክልሉን ምክር ቤት ማለቴ አይደለም፤ ሣር የለበሰውን፣ ውሃ የቋጠረውን፣ ከብት የሚውጠውን ነው። ጫካው ውስጥ ዛፉ በተቆረጠ ቁጥር እያነሰች የምትሄድ ትንሽ ዘማሪ ወፍ አለች። ጨፌው መሃል ካለው ኩሬ ላይ ደግሞ የትም አገር ቢሆን እየጠፋ ነው የሚባል ጠላቂ ዳክዬ አለ። ወንዱ አፉ ሰማያዊ ነው። የሌንሴ ቢሮ በዚህ ዓመት ማስጠበቅ የሚችለው ከሁለቱ አንዱን ቦታ ብቻ ነው።

«ሰኞ የመንደሩ ስብሰባ አለ» አለችኝ። «ሁለቱን ጎን ለጎን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ማሳየት እፈልጋለሁ። የት እንደሚኖሩ፣ ምን እንደሚያጠፋቸው፣ የትኛው እንደሚብስበት። ሰዉ አይቶ እንዲናገር። አሁን ግን ወጣቶቹ ዳክዬ የሚባል ነገር የለም፣ የቢሮ ሰው የፈጠረው ወሬ ነው እያሉ ነው። ጨፌውን በቦይ አጠንፍፈው በቆሎ ሊዘሩበት ቁፋሮ ጀምረዋል።»

«ነገ እሑድ ሠርግ አለብኝ።»

«ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥተን ሦስት ሰዓት ላይ እመልስዎታለሁ» አለች፣ ፈገግ ብላ።

የሚያገባው የእትዬ አስናቀች ልጅ ነው። እትዬ አስናቀች ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ሜትራቸው የማይሳሳት፣ ምላሳቸውም የማይሳሳት ሴት ናቸው። «ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቤቴ ካልተገኘህ…» ብለውኝ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ሄደዋል። እሳቸው ሲሳደቡ ምንም አይደለም። ሳይጨርሱ ሲተዉት ነው የሚያስፈሩት።

እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ካሜራዬን እንደ ሕፃን አቅፌ ከሌንሴ ሞተር ኋላ ተፈናጥጬ ዳገቱ ሥር ደረስኩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚጠብቁን ጋሼ ተፈራ ነበሩ። ጫካው ውስጥ ቡና አላቸው፤ አያታቸው ከሰሜን መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ዛፉን ሌሊት እየመጡ የሚቆርጡባቸው ሰዎች ስላሉ፣ የወፏን ነገር ከልጃቸው ነገር ለይተው አያዩትም።

«እርምጃህን ቀስ አድርግ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ትፈራለች።»

ቀስ አደረግኩ። ወዲያው ዘፈነች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያ የደነቆረ ጆሮዬ ተከፈተ። ከላይ ጀምራ፣ እየተሰበረች ወርዳ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር የጠየቀች መስላ ዝም አለች። ካሜራዬን ወደ ድምፁ አዞርኩ። ቅጠል። ድምፁ ወደ ግራ ሄደ። ወደ ግራ አዞርኩ። ቅጠል። ከኋላዬ ዘፈነች፤ ስዞር ጋሼ ተፈራን አነሳኋቸው።

«ታየችህ?»

«አልታየችኝም።»

«እዚያች ቅርንጫፍ ላይ እኮ ናት!»

ቅርንጫፉን አነሳሁት። ዙሪያውን ያለውን ቅርንጫፍ ሁሉ አነሳሁት። ፀሐይ ወጣች፤ አንገቴ ደነዘዘ፤ ሰዓቴን ሳይ ሁለት ሰዓት ሆኗል። የያዝኩት ግን የቅጠል አልበም ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አውጥቼ አየሁት። እትዬ አስናቀች። አላነሳሁትም፤ እሳቸውን ላንሳ ብል ወፏ ትሄዳለች ብዬ። ወፏ ግን ለነገሩ ሄዳለች።

«እንግዲህ ወደ ዳክዬው እንውረድ» አለች ሌንሴ።

ጋሼ ተፈራ ፊታቸው ተቀየረ። ዳክዬው የማን ወገን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም እንጂ፣ እሳቸው ፊት እንኳን ዳክዬው ስሙም አይነሳም ነበር። ወደ ታች ስንወርድ ግን ተከተሉን። የጫካውና የጨፌው ድንበር ላይ ኦቦ ገመቹ ረጅም ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። የታችኛው ቦታ የሳቸው ነው፤ ከብታቸው የሚጠጣው፣ ቤታቸውን የሚከድኑበት ሣር የሚታጨደው ከዚያ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች አብረው ነው ያደጉት። ሌንሴ «አንዱን ብቻ» ካለች ቀን ጀምሮ ግን ሰላምታቸው ጭንቅላት በመነቅነቅ ብቻ ሆኗል።

«አካም ቡልቴ? እንዴት አደርክ?» አሉ ኦቦ ገመቹ ለእኔ። ለጋሼ ተፈራ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ጋሼ ተፈራም ነቀነቁ።

ዳክዬው ከወፏ በምን ይለያል ብትሉኝ፣ ይታያል። ኩሬው መሃል፣ ጠይም ቀይ ገላውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ሰማያዊ አፉን ቀና አድርጎ እንደ ባለሥልጣን ተንሳፍፏል። ምንም አይዘፍንም።  ካሜራውን አነጣጠርኩ፤ ገና ጣቴ ሲጫን፣ ጥልቅ! ውሃው ላይ ክብ ብቻ ቀረ። ሌላ ቦታ ብቅ አለ። አነጣጠርኩ። ጥልቅ! አንዷ አትታይም፣ ሌላው አይቆይም። ሁለቱ ተማክረውብኛል።

«መቅረብ አለብኝ» አልኩ።

«እኔ የረገጥኩትን ብቻ እርገጥ» አሉኝ ኦቦ ገመቹ። «ሣር መስሎ የሚያታልል አለ። ከሥሩ ውሃ ነው።»

ከኋላቸው ገባሁ። ምድሩ እንደ ፍራሽ ይላላል። እሳቸው ሲረግጡ እረግጣለሁ፣ ሲቆሙ እቆማለሁ። ዳክዬው እያየን ነው። ትንሽ ቀረን። ዓይኔን ካሜራው ላይ አደረግኩ፤ ሞላልኝ፣ ሰማያዊው አፍ ጥርት ብሎ መጣ፤ ትንፋሼን ያዝኩ።

ስልኬ ጮኸ።

ከደረት ኪሴ፣ ቅድም ስነካካው ድምፁ ተከፍቶ ኖሮ፣ በትልቁ ድምፅ፣ በሠርግ ዘፈን። ዘልዬ ወደ ጎን ረገጥኩ። ያ የረገጥኩት ነገር ሣር ብቻ ነበር።

መጀመሪያ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ለመውጣት ሌላውን እግሬን ስጭን እስከ ወገቤ። ውሃው ብርዱ አጥንት ይሰነጥቃል። ከሥር የሚረገጥ ነገር ፈለግኩ፤ የለም።  ካሜራውን በሁለት እጄ ከራሴ በላይ አንስቼ «ኸረ የሰው ያለህ!» አልኩ።

«ሂን ሶቾኢን!» ብለው ጮኹብኝ ኦቦ ገመቹ። አትንቀሳቀስ ማለታቸው ነው። «በተንቀሳቀስክ ቁጥር ይጎትትሃል!»

እሳቸው ራሳቸው ወደ እኔ ሊጠጉ አልቻሉም፤ መሃላችን ያለውን ሣር በዱላቸው ሲነኩት ዱላው ሰጠመ። ሌንሴ «ገመድ አመጣለሁ» ብላ ወደ መንገዱ ሮጠች። ጋሼ ተፈራ ዳር ቆመው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ስልኬ አሁንም ይጮሃል። ቀስ እያልኩ ስወርድ ውሃው ኪሴ ደረሰ፤ ዘፈኑ ጉልግል አለና ጠፋ። እትዬ አስናቀችን በሕይወቴ ዝም ያሰኘ ነገር ሳይ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

እና በዚህ መሃል፣ አንባቢዎቼ፣ ሽማግሌዎቹ ክርክር ጀመሩ።

«ይኸው!» አሉ ጋሼ ተፈራ። «ለዳክዬህ ሲባል ሰው ሊያልቅ ነው! የኔ ወፍ መቼ ሰው ገደለች?»

«ያንተ ወፍ መቼ ታየችና!»

«ጫካው ከተቆረጠ መሄጃ የላትም። ዳክዬ እንደሆነ በርሮ ሌላ ኩሬ ይሄዳል።»

«የትኛው ኩሬ? ሁሉንም አድርቀው በቆሎ ዘሩበት እኮ! ደግሞ ወፍህ ክንፍ የላትም? ሌላ ጫካ አትበርርም?»

«ጌቶቼ» አልኩ፣ «እኔ ነኝ ክንፍ የሌለኝ!»

 ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ውሃው ደረቴ ደርሷል።

ጋሼ ተፈራ የኦቦ ገመቹን ዱካ እየረገጡ ገቡና ጋቢያቸውን አውልቀው በሣሩ ላይ ዘረጉት። ኦቦ ገመቹ በሆዳቸው ጋቢው ላይ ተኙና ዱላቸውን ወደ እኔ ሰደዱ። ጋሼ ተፈራ ከኋላቸው ተንበርክከው ሁለት ቁርጭምጭሚታቸውን ያዙ።

«ያዝከኝ ተፈራ?»

«ይዤሃለሁ። ክብደትህ ግን እንደ ድሮው አይደለም።»

«ዝም ብለህ ያዝ!»

በአንድ እጄ ዱላውን ጨበጥኩ። ሊያወጡኝ አልቻሉም፤ መስመጤን ግን አቆሙት። እነሱ ያቃስታሉ፣ እኔ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ካሜራውን የያዘው እጄ ደንዝዞ የኔ መሆኑን ረስቻለሁ። ማንም አይናገርም። ሌንሴ አትታይም። ልጆቼ ትዝ አሉኝ፤ ጠዋት ስወጣ ተኝተው ነበር። ልሰናበታቸው ብዬ በሩን ገፋ አድርጌ፣ ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ መልሼ ዘጋሁት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ እዚያ ውሃ ውስጥ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀምሬ አንዱንም መጨረስ አቃተኝ።

ያኔ ነው ዳክዬው የመጣው።

ጸጥ ስላልን ይሆናል። ወይም የውሃ ውስጥ ጉቶ መስዬው ይሆናል። ከፊቴ፣ ከዱላው ጎን፣ እጄን ብዘረጋ ከምነካው ቦታ፣ ድምፅ ሳያሰማ ብቅ አለ። ከአፉ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ዓይኑን ዓይኔ ላይ አደረገ። ያ ሰማያዊ፣ እትዬ አስናቀች ሱቅ እንኳ የሌለ ሰማያዊ ነው። ከኋላው ሴቷ መጣች፤ እሷ ቡናማ ናት፣ ከሷም ኋላ የጥጥ ኳስ የሚያካክሉ ጫጩቶች። ወደ ላይ ሳላይ፣ በዚያ በደነዘዘው እጄ፣ ጣቴን ተጫንኩት። ካሜራው ቀጭ አለ። አልጠለቁም። ደግሞ ተጫንኩ።

በሦስተኛው ላይ ዱላው ተሰበረ።

አገጬ ድረስ ገባሁ። ኦቦ ገመቹ «ያ ዋቃዮ!» ሲሉ፣ ጋሼ ተፈራ «እግዚኦ!» ሲሉ፣ እኔ ውሃ ስውጥ፣ ሁሉም አንድ ጊዜ ሆነ። ከዚያ ከላይ ከመንገዱ ጡሩምባ ተሰማኝ። አንድ ጡሩምባ አይደለም፤ የብዙ መኪና፣ ዜማ ያለው ጡሩምባ። መላእክት በመኪና ይመጣሉ እንዴ ብዬ አሰብኩ።

እኔው የማነሳው ሠርግ ነበር። ሙሽሪት የዚያው መንደር ልጅ ናት፤ እትዬ አስናቀች ፎቶ አንሺ ጠብቀው ጠብቀው፣ ያለ ፎቶ አንሺ ሊወስዷት ሲመጡ፣ ሌንሴ መንገዱ መሃል እጇን ዘርግታ ቆማ አስቆመቻቸው። ሚዜዎች በጥቁር ሱፍና በአበባ ቁልቁል ሮጡ። የመጀመሪያው ዳሩ ላይ የደረሰው የመኪና መጎተቻ ገመድ የያዘው ቶሌራ ነው፤ ዋናው ሚዜ፣ ጨፌውን ለማጠንፈፍ ቦይ የሚያስቆፍረው የወጣቶች ማኅበር ሰብሳቢ። ከነሱፉ እስከ ጭኑ ገባና ገመዱን ወረወረልኝ።

«ብብትዎ ሥር ያዙሩት፣ ጋሼ! ካሜራውን ይጣሉት!»

«አልጥልም!»

«ይጣሉት!»

«ዳክዬው ውስጡ አለ!»

ሚዜዎቹ ጎተቱ። ጨፌው መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ከዚያ እኔን ለቀቀና ሱሪዬን አስቀረ። ጫማዬንም። እትዬ አስናቀች በባህል ቀሚሳቸው መንገዱ ዳር ቆመው፣ የልጃቸውን የሠርግ ቀን የሚያነሳላቸው ሰው፣ በሸሚዝ ብቻ፣ በሆዱ እየተጎተተ ሲመጣ አዩ። ጋሼ ተፈራ በጭቃ የተጠመቀ ጋቢያቸውን ወገቤ ላይ ባይጥሉልኝ ኖሮ ዛሬ መቱ ውስጥ አልኖርም ነበር።

እትዬ አስናቀች ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ዓረፍተ ነገር ጀመሩ። አልጨረሱትም።

ቶሌራ ግን ወዲያው አልወጣም። ገመዱን እየጠቀለለ ሳለ ዳክዬው እግሩ አጠገብ ብቅ አለ። ሁለቱ ተያዩ።  ከዚያ ዳክዬው ጥልቅ ብሎ ሄደ።

ሠርጉን በጋቢ አነሳሁ። ሙሽሪት ከቤቷ ስትወጣ አይታኝ ሳቋን መያዝ አቅቷት ጥርሷ ሁሉ ታየ፤ በሙያዬ ያነሳሁት የመጀመሪያው እውነተኛ የሙሽራ ሳቅ እሱ ነው። ዳሱ ውስጥ ስንገባ ግን ወሬው ቀድሞኛል። «እስቲ ዳክዬውን አሳየን» አለ አንዱ። ካሜራውን ሰጠሁት። ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ሴቶች አዩት፣ ሽማግሌዎች መነጽራቸውን አውጥተው አዩት፣ ቄሱ አዩት፣ የመካነ ኢየሱሱ ወንጌላዊም አዩት። ፎቶው ላይ ዳክዬው ከነቤተሰቡ ከፊት ነው። ከኋላው ደግሞ ኦቦ ገመቹ በሆዳቸው ተኝተው፣ ጋሼ ተፈራ እግራቸውን ይዘው ዓይናቸው ሊወጣ ደርሷል።

«ይኼማ የናንተ ፎቶ ነው» አሏቸው። ሁለቱ አንድ አግዳሚ ላይ፣ ከአንድ ሳህን እየበሉ ነበር።

ቶሌራ ሱሪውን ቀይሮ መጣና ፊታቸው ቆመ። «ውሃው ቀዝቃዛ ነው» አለ። «ከየት ነው የሚመጣው?»

ኦቦ ገመቹ ጎርሰው፣ አላምጠው፣ ወደ ጋሼ ተፈራ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ከሱ ጫካ ሥር። ምንጩ እዚያ ነው። ያ ዛፍ ከተቆረጠ ቦይ መቆፈርም አያስፈልጋችሁም፤ በራሱ ይደርቃል።»

ጋሼ ተፈራ የያዙት ጉርሻ እጃቸው ላይ ቀረ። «ስትከራከረኝ ይህንን ለምን አላልክም?»

«ያንተን ወፍ እረታለሁ ብዬ ነዋ!»

«እሺ፣ ውሃውስ ይቅር» አለ ቶሌራ። አልተቆጣም፤ ግን ድምፁ ደረቅ ነበር። «እኛ ምን እንሁን? መሬት የለንም። በቆሎውን የፈለግነው ዳክዬ ጠልተን አይደለም።»

 የዘፈኑ ሰው ድምፁን ቀነሰ። ጋሼ ተፈራ ጉርሻውን መልሰው አስቀመጡ። «ቀፎ ስቀሉ» አሉ በመጨረሻ። «በጫካዬ ዳር። ዛፍ ላይ ቀፎ ካለ ሌባም መጥረቢያ ይዞ አይመጣም። ማሩ የናንተ ነው።»

«የጨፌውን ሣር አብረን እናጭዳለን» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ እንዳይበለጡ።

ቶሌራ ተቀመጠና እጁን ታጠበ። ሰኞ ስብሰባው እስከ ማታ ቀጠለ፤ ተጯጯሁ፣ አንዳንዱ ተቆጥቶ ወጣ። ቦዩ ግን ቆመ። ለጊዜው ነው ይላሉ፤ ለጊዜውም ቢሆን ቆሟል። ሌንሴም «አንዱን ብቻ» የሚለውን አንስታ ዳገቱን ከነጨፌው አንድ ቦታ ነው ብላ ለቢሮዋ ስትከራከር ሰንብታለች።

ከሠርጉ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኬኩ ሊቆረስ ቢላዋው ሲነሳ ካሜራዬ ጠፋ። ዳክዬውን ሲያዩ ሲያዩ ባትሪውን ጨርሰውታል። እትዬ አስናቀች ያኔ ያቋረጡትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጨረሱልኝ፤ አንድ በአንድ።

ጉዳዬ ግን ገና አላለቀም ነበር። ሌንሴ ማስታወቂያውን መቱ ላይ ልታቆም ስትል የወፏ ጎን ባዶ ነው። ተመልሼ ሄጃለሁ፤ በደረቅ መሬት፣ ስልኬን ቤት ትቼ። ዘፈነችልኝ እንጂ አልታየችልኝም። ያለኝ የቅርንጫፍ ፎቶ ነው። አፍሬ ለጋሼ ተፈራ አሳየኋቸው። ረዥም ጊዜ አዩት። «ትክክለኛው ነው» አሉ። «እዚያ ላይ ነበረች።»

እንዲሁ ታተመ። በአንድ ጎን ሰማያዊ አፍ ያለው ዳክዬ፣ በሌላው ጎን ባዶ ቅርንጫፍ፤ ከሥሩ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ «አለች፤ ስሟት» ይላል። ዋናው መንገድ ዳር ነው የቆመው፤ ሰዉ ዳክዬውን አይቶ ያልፋል። ባለፈው ከስቱዲዮዬ ስወጣ ግን አንድ የባጃጅ ሹፌር ፊት ለፊቱ ቆሞ ጽሑፉን ሲያነብ አገኘሁት። አነበበ፣ ወደ ባጃጁ ተመለሰና ሞተሩን አጠፋ። ተመልሶ ቅርንጫፉ ፊት ቆመ። ጠበቀ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ጋሼ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ይኸው ዝም ብያለሁ፤ ለምን አትዘፍንም?»

 አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።